የጉሮሮዬ ጾም

ጥበቃ ሲበዛ ጥሩ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየማችን አንድ ጊዜ ሌባ ከገባበት ወዲህ፣ የበሩ ጥበቃ ስንት ዓመት የኖርኩትን ሰውዬ አቁሞ "የማን እንግዳ ነህ?" ይለኛል። እናንተ ሳቁ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ ጉሮሮዬ ውስጥም አለኝ።

ሥጋ ስበላ ደረቴ ላይ ቀጥ ይላል፤ ውኃ ብጠጣበትም አይወርድ። ባለቤቴ ምሕረት "ቀስ ብለህ አኝክ፣ ማን ይቀማሃል?" እያለች ከረመች። በመጨረሻ አንዲት ዶክተር ጉሮሮዬን በካሜራ አየችውና ነገረችኝ። የሆድ ትል የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ የእኔዎቹ ከምበላው አንዱን ነገር ጠላት ብለው የምግብ ቧንቧዬ ላይ ሰፍረዋል፣ ቧንቧውንም አስቆጥተው አጥብበውታል። ጥፋተኛው እስኪለይ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ስንዴ ቀረብኝ፤ ሥጋውም ቧንቧው እስኪሰፋ ይቆይ ተባለ።

እንዲህ ያለው ማዕድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የጾም! እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ያውም ፋሲካ ገና ማለፉ ነው፤ ጾመኞቹ እንኳ ረቡዕን በቅቤ በሚያሳልፉበት ሰሞን እኔ "ሽሮ፣ ቅቤ እንዳይነካው" እያልኩ አዝዛለሁ። ምግብ ቤቱ ጉድ አለ፣ ሰፈሩም ተከተለ።

ወሬው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ማርቆስ ዘንድ ደረሰና እሑድ ቤታችን መጡ።

"ልጄ፣ ልብህ ወዴት እየሄደ ነው? የማክሰኞውን ኅብረት ለጊዜው ሌላ ሰው ይምራው?"

ከፋኝ። ያንን ኅብረት ከቤቴ ሳሎን ጀምሬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ስለ ሴሎቹ አንድም ሳላስቀር አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ግን አላመኑኝም። ምሕረት ለእንግዳ የሠራችውን ዶሮ ወጥ አቀረበች፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ትልቅ ብርጭቆ ውኃ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ደህና አድርገው ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ።

"እስቲ ይቺን ጉረስልኝ።"

ብጎርስ ኅብረቱ ይተርፍልኛል፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። የሽማግሌ ጉርሻ መመለስ ነውር መሆኑንም አውቃለሁ።

"አልጎርስም፣ ጋሼ። ሃይማኖቴ አይደለም፣ ጉሮሮዬ ነው።"

ቅር ብሏቸው ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት። ዋጡ። ቀጥ አለባቸው። እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ፣ ዓይናቸው ውኃ ሞላ፤ ብርጭቆውን አንስተው ጨለጡት። በስንት መከራ ወረደ።

"እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር እኮ" አሉ ቀስ ብለው። "ዶክተሯ የት ናት ያልከኝ?"

ኅብረቱን ዛሬም የምመራው እኔ ነኝ። ጋሽ ማርቆስ ከጎኔ ተቀምጠው ቅቤ ያልነካው ሽሮ ይበላሉ። ሰፈሩ አሁን የሚያማው ሁለታችንን ነው።