ቡፌ ውስጥ የታፈነ ምርቃት

የሚጮህ ውሻ አይነክስም ይላል የኛ ሰው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ከሚጮህ ነገር ይልቅ ዝም ያለ ነገር እንደሚያስፈራ ነው። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ፤ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፣ ግን ማን ፈርቶት ያውቃል? አሮጌ ማኪና ዳገት ላይ ሲያቃስት ተሳፋሪው ይቀልዳል እንጂ አይደነግጥም። ድንገት ጸጥ ሲል ነው ሁሉም በየሃይማኖቱ አምላኩን የሚጠራው። ሰው ያንኮራፋል፣ ፍሪጅ እንኳ አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል፣ በሕይወት መኖሩን ያሳውቃል። እየሠራ ድምፅ የማያሰማ ነገር ግን፣ እኔ እንጃ፣ ከእንዲህ ያለው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አልወድም።

ይህን የምለው በአንድ ኮምፒውተር ምክንያት ነው። እንዳትስቁ። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ዳዊት ስደግም እንጂ ሽቦ ስቀጥል አይደለም። ነገር ግን ከዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ሪሞት አልሠራ ብሏት ስትራገም፣ ባትሪዎቹ ተገልብጠው መግባታቸውን አይቼ አቃናሁላት። በቃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዲስ ዓለም ሰፈር ኢንጂነር ሆኜ ቀረሁ። ዲሹ ዞረ፣ መሐሪን ጥሩ። ስልኩ አረብኛ ብቻ መጻፍ ጀመረ፣ መሐሪን ጥሩ። አላውቅም ማለት እንዴት ይቻላል? ጎንደር ውስጥ ይሉኝታ ያላስተማረው ሙያ የለም።

እናም የእትዬ ዘይነባ ቤት ጠራኝ። እትዬ ዘይነባን የማታውቁ ባለቤታቸውን ሐጂ እድሪስን ሳታውቁ አትቀሩም፤ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሲለኩ ክንዳቸው የማይሰስት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ሸጋ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ጅዳ የሚኖረው ልጃቸው ጀማል ለእረፍት ሲመጣ ለእናቱ አንድ ጥቁር ሳጥን ይዞ መጣ። መጠኗ የጸሎት መጽሐፍ ቢያክል ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር ትገናኛለች፣ የቤቱን ፊልም ሁሉ በሆዷ ትይዛለች፣ ማራገቢያ ግን የላትም። “እማ፣ እንደ ሌላው ኮምፒውተር እየጮኸች አትረብሽሽም” ብሎ ነው የሰጣቸው። የቤተሰቡን የሰርግና የዒድ ፊልም ሁሉ ገለበጠባት። የእህቱ የሰሚራ ሰርግም እዚያው ገባ። ዋናው ሲዲ ከዚያ በኋላ በሰው እጅ ሲዞር ተጫጭሮ አለቀና፣ ያ ሰርግ ከሳጥኗ ሆድ በስተቀር ሌላ መኖሪያ አልነበረውም።

ነገሩ የጀመረው ጀማል ወደ ጅዳ ከተመለሰ በኋላ ነው። የሰሚራ ሰርግ ይከፈታል። ልብ የመሰለ ቀይ ነገር እየተሽከረከረ ስሟን ያመጣል፣ ሚኒባሶቹ ጥሩምባ እየነፉ ይገባሉ፣ እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል። ኋላ ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ልትወጣ ስትል ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች። ሐጂ እድሪስ ቀና ይላሉ። ቀኝ እጃቸውን ያነሳሉ። አፋቸውን ይከፍታሉ። እዚያ ላይ ቀጥ! የሞቱት ሰው መዳፋቸውን ወደ እኛ ዘርግተው፣ አፋቸው እንደተከፈተ፣ ዝም ብለው ያፈጣሉ። ዛሬ እዚያ ቆመ። በማግስቱ ከመጀመሪያ ሲያስጀምሩት እንደገና እዚያው ቆመ።

በሌላ ቤት ቢሆን “ዕቃው ተበላሸ” ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሐጂ እድሪስ ግን ያን ጋብቻ መጀመሪያ አልወደዱትም። ልጃቸውን ለወዳጃቸው ልጅ አስበው ሳለ እሷ እንፍራንዝ ከተማ የሚኖር ልጅ መረጠች። በሽማግሌ ተለመኑና እሺ አሉ፤ እሺታቸው ከልብ ይሁን ከይሉኝታ ማንም አላወቀም። ሰርጉ ካለፈ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሰሚራ ጉልበታቸውን ስትስም ፊቷ ተሸፍኖ፣ እልልታው ጣራ ሲነቅል ስለነበር ምን ብለው እንደሸኟት አልሰማችም፤ ሲዲውንም እንፍራንዝ ሆና አላየችውም። ከዚያ በኋላ ፅንስ ይይዝላትና አይጸናላትም። አንዴ እንዲህ ሆነ፣ ደግሞ ሁለተኛ። የቴሌቪዥኑ ወሬ እንፍራንዝ የደረሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አማቷ ክፉ ሴት አይደሉም ይላሉ። ብቻ አንድ ቀን፣ “አባትሽ ከመቃብር ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ‘ተይ’ ይሉሻል፤ ያልተመረቀ ትዳር ፍሬ አይዝም” አሏት። ባሏም አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰሚራ ልብሷን በቦርሳ ከታ ወደ እናቷ ቤት መጣች። “አባባ መርቆኝ እንደሆነ በጆሮዬ ካልሰማሁ አልመለስም” አለች። ይኼኔ ነው እንግዲህ መሐሪ የተጠራው። የሰው ትዳር ሊፈርስ ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ባትሪ መገልበጥ ነው።

የሄድኩት ከቀትር በኋላ ነበር። ውጭ ፀሐይ ይፋጃል፤ ሳሎኑ ግን መጋረጃው ተጋርዶ ጨልሟል። ሴቶች በየፍራሹ ተደርድረዋል፣ ሰላምታ እንኳ የሚሰጡት በሹክሹክታ ነው። ሰሚራ ጥግ ላይ ቦርሳዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች። ያለቀሰ ሰው ዓይን ታውቃላችሁ፤ የእሷ ግን ልቅሶውንም የጨረሰ ዓይን ነበር። አንጀቴን በላችው።

“እስኪ ከመሀል ጀምሩልኝና እዚያ ቦታ ላይ ልየው” አልኩ፣ አዋቂ መስዬ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እትዬ ዘይነባ ናቸው የመለሱልኝ። “ምነው መሐሪ? ሰርግ ከመሀል ይገባል እንዴ?”

እውነታቸውን ነው፤ ረስቼው እንጂ። በኛ አገር የሰርግ ፊልም አይዘለልም። ዛሬ የአንዷን ፊት ብትዘሉ ነገ “ለእኔ ሲሆን አሳለፉት” ተብላችሁ ለሽምግልና ትቀመጣላችሁ። ከኗሪው ደግሞ የሟቹ ይብሳል። ፊልሙ ከመጀመሪያው ተከፈተ። በሰርጉ ላይ ሲበሉ ሲጠጡ ከታዩት ውስጥ ስንቱ አልፏል! አንዲት ሴትዮ እየሳቁ ሳህን ተቀበሉ፤ “አላህ ይዘንላት” አሉ ፍራሽ ላይ ያሉት። አንድ ሰውዬ እጁን እያወዛወዘ ጨፈረ፤ “አላህ ይዘንለት”። እየቆየ ሲሄድ ዳስ ውስጥ ያሉት ሳቂታዎች ሙታን፣ ጨለማው ሳሎን ውስጥ ዝም ያልነው እኛ ኗሪዎች መሆናችን ተደባለቀብኝ። ከዚያ ሁሉ በላይ የኦርጋን ዘፈን ይንቆረቆራል። ከሥር ሳጥኗ ትሠራለች፤ ሥራዋ ግን አይሰማም። ጆሮዬን ባቀና አንድም ኮሽታ የለም።

ሙሽራዋ ጎንበስ አለች። ሐጂ ቀና አሉ። እጃቸው ተነሳ። ዘፈኑ አንዲት ድምፅ ላይ ተሰናከለና ህ–ህ–ህ–ህ አለ፣ ሳግ የያዘው ሰው ይመስል። ከዚያ ዝም። በምስሉ ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ነገር ብቅ ብሎ የሐጂን ግራ ዓይን ሸፈነው። ሌላው ዓይን ቀረ። ያ ዓይን፣ ይቅር ይበለኝ፣ እኔን ያየኝ ነበር። አንዲት ሴት “አዑዙ ቢላሂ” ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እትዬ ዘይነባ ግን ተነሥተው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ፤ ባላቸው ከሥራ ሲገቡ እንደሚያናግሯቸው ባለ ድምፅ፣ “ምነው አንቱ? ምን ቅር አሰኘዎት? ልጅዎ እኮ ናት፣ ይናገሩላት እንጂ” አሏቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ መልስ የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅሁ።

ፍርሃቴን ለመደበቅ “ሳጥኗ የታለች?” ብዬ ጮህኩ። ከፍራሽ ፍራሽ ተያዩ። እትዬ ዘይነባ ከአንገታቸው ቁልፍ አውጥተው የቡፌውን የመስታወት በር ከፈቱ። ከሰርግ ብርጭቆዎቹና ከመካ ከመጣው የዘምዘም ዕቃ መካከል ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነገር ተቀምጧል። ከዳንቴሉ ሥር ሌላ ባለ ወርቅ ጥልፍ ጨርቅ አለ። እጄን ስሰድበት መልሼ ነጠቅሁት። እንደ ወባ በሽተኛ ግንባር ይተኩሳል!

ለካስ እኛ ያከበርነውን ሁሉ ሸፋኞች ነን። ታቦት ይሸፈናል፣ ቁርኣን ይሸፈናል፣ ሙሽራ ትሸፈናለች፤ ታዲያ ጀማል ከጅዳ ያመጣው ዕቃ ራቁቱን ይቀመጥ? ጀማልማ በስልክ “አየር ስጧት” ብሎ ነበር አሉ። ሰጥተዋታል፤ መስኮቱን ከፍተውላታል። ከዳንቴሉ፣ ከጨርቁና ከተቆለፈው መስታወት ማን ያድናት?

“ሙቀት ነው” አልኳቸው። “ሌላው ኮምፒውተር ሙቀቱን በማራገቢያ ይተፋል፤ ይቺ ማራገቢያ የላትም፣ በቆዳዋ ነው የምትተነፍሰው። ስታፍኗት ትግላለች። ስትግል ሥራዋን ታቆማለች።”

“ታዲያ ምነው ሁልጊዜ ሐጂ ላይ?” አለች ፊቷን የሸፈነችው ሴት፣ በሻሿ ሥር ሆና።

ጥያቄዋ ከእኔ መልስ ይሻል ነበር። አሰብኩና አገኘሁት፦ ሰርጉ ሁልጊዜ ከመጀመሪያ ይጀመራል፣ አይዘለልም፣ ያው እንግዳ በያው ሰዓት ይበላል፤ ሳጥኗም በዚያው ልክ ስትግል ስትግል ቆይታ ሐጂ እጃቸውን ሲያነሱ አቅሟ ያልቃል። ይህንን ሁሉ አስረዳሁ። ሴቶቹ በጨዋ ደንብ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዷም እንዳላመነችኝ ግን ያስታውቅ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ አንድ ዓይን እያየኝ እኔም ራሴን በደንብ አላመንኩትም።

ሳጥኗን ገፍፌ አውጥቼ ቡፌው አናት ላይ አኖርኳት፤ ከሥሯ አየር እንዲያልፍ የለስላሳ ቆርኪ በየማዕዘኑ አስገባሁላት። እስክትበርድ የዓስር ሶላት ሰዓት ደረሰ፤ እነሱ ሰገዱ፣ እኔ ደጅ ቆየሁ። ስመለስ ሪሞቱን አስይዘው ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጡኝ። ከየት ተጀመረ? ከመጀመሪያ ነዋ! ልቡ ተሽከረከረ፣ ሚኒባሱ ገባ፣ ሟቾቹ እንደገና በሉ፣ እኛም እንደገና “ይዘንላቸው” አልን። በየመሀሉ ተነሥቼ ሳጥኗን እዳብሳለሁ። ለብ ብላለች እንጂ አልጋለችም።

ሙሽራዋ ጎንበስ አለች። ሰሚራ ከጥግ ተነሥታ መጥታ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ሐጂ ቀና አሉ። እጃቸው ተነሳ። አለፈ! እጃቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከንፈራቸው ተላወሰ። ድምፃቸው ግን የለም። ያ የተረገመ የኦርጋን ዘፈን ነው ያለው! ቪዲዮ አንሺው ፊልሙ ያምርልኛል ብሎ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ጭኖበታል፤ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር ውስጡ አላስቀረም። ምርቃቱ ቢኖርም ባይኖርም ሳጥኗ ውስጥ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። ሰሚራ “አይሰማም!” ብላ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች።

ይኼኔ ከኋላዬ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ “ልጄ ሰሚራ” አለ።

ዘወር አልኩ። እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ድምፁ ግን የእሳቸው አልነበረም። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ የሚናገሩበት ያ ቀስ ያለ፣ ቃል እየጎተተ የሚሄድ ድምፅ ነው። ዓይናቸውን ከባላቸው ከንፈር ሳይነቅሉ ቀጠሉ፦ “አላህ ትዳርሽን ያጽናው። የገባሽበት ቤት ቤትሽ ይሁን። ወልደሽ ሳሚ፣ ስመሽ አሳድጊ። ሳልወድ የሰጠሁሽ አይምሰልሽ፤ ወድጄ፣ ከልቤ ሰጥቼሻለሁ።” ሴቶቹ ሁሉ “አሚን! አሚን!” አሉ። እኔም በለመድኩት “አሜን” አልኩ፤ ልቤ ግን አላለም።

ምክንያቱም ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሼ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለእሱ ቅርብ ነኝ። ያየሁትን አይቻለሁ። ሐጂ እድሪስ እጃቸውን ያነሱት ለምርቃትም ለእርግማንም አልነበረም። የቪዲዮ አንሺው መብራት ዓይናቸውን ወግቷቸው ነው። በመዳፋቸው ብርሃኑን ጋረዱ፣ ፊታቸውን አኮማተሩ፣ ለመብራት ያዡ አንድ አጭር ነገር ተናገሩና አፋቸውን ዘጉ። ምስሉም ወዲያው ተቆርጦ ወደ ሚኒባሶቹ ሄደ። ከዚያ በኋላ መርቀዋት ይሁን፣ ሳይመርቋት ቀርተው ይሁን፣ እሱን አላህ ያውቃል። ሐጂ ከቴሌቪዥኑ ላይ ከጠፉ በኋላም የእሳቸው ድምፅ ግን ከኋላዬ ገና እየመረቀ ነበር።

ሰሚራ ከእናቷ ጉልበት ላይ ቀና አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። የእናቷን ፊት አየችና ወዲያው ወደ እኔ ዞረች።

“ጋሼ መሐሪ፣ አንቱ ከሁላችን ይቀርቡ ነበር። ከንፈሩን አይተውታል። አባባ እንዲህ ነው ያለኝ?”

እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ ጭነው መሬት መሬት ያያሉ። አባቴ መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “በሐሰት አትመስክር” የሚለውን ያስተማሩኝ በአርጩሜ ነበር።

“ቃል በቃል” አልኳት።