የጫጫታው ተዋጽኦ

የባሮ ዳር ቲያትር ቡድን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጋምቤላ ከተማ፤ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰው አቦቦ ስለሄደ፣ ደጁ ላይ ካለው ማንጎ ሥር፣ ጠረጴዛ ወጥቶ

የተገኙ፦
1. አቶ ረታ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ሙሐመድአሚን፣ የአቦቦ ወረዳ ተወካይ
3. ወ/ሮ ልድያ፣ የኢታንግ ወረዳ ተወካይ
4. አቶ ኦጁሉ፣ የድምፅ ባለሙያ
5. ወ/ት አቻን፣ ተዋናይት
6. ሺታዬ፣ ጸሐፊ (እጅ የማታወጣ)

ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው ወ/ሮ ልድያ ሲደርሱ ነው። እስከዚያ የተነጋገርነው ስለ ሙቀቱ ብቻ ስለሆነ አልተመዘገበም።

አጀንዳ 1፦ ከመድረክ ጀርባ ስለሚሰማው የገበያ ጫጫታ

አቶ ኦጁሉ እንዳስረዱት፣ በቲያትሩ ሁለት ተዋንያን ገበያ መሃል ሲነጋገሩ፣ እሳቸው አምና ኢታንግ ገበያ በካሴት የቀዱትን ጫጫታ ከኋላ ዝቅ አድርገው ያሰማሉ።

አቶ ሙሐመድአሚን ካሴቱን ደጋግመው ቢያዳምጡም አንድም የአቦቦ ሰው እንዳላገኙበት፣ አንዲት የኢታንግ ዓሣ ሻጭ ግን ከሁሉ በላይ እንደምትጮህ ገልጸው፣ ክልል ሆነን ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል ሲሉ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ልድያ ኢታንግ የተቀዳ ገበያ የኢታንግ ሰው ቢበዛበት ምን ይገርማል ብለዋል። አቶ ኦጁሉ፣ "ይሄ እኮ ከሩቅ የሚሰማ ነው። የማንም ንግግር ለብቻው ካልተለየ ነው ጥሩ የሚሆነው" ሲሉ፣ አቶ ሙሐመድአሚን፣ "ካልተሰማ ታዲያ ተወካይ ምን ይሠራል?" ብለው አፋጥጠዋቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጫጫታው ተዋጽኦ እንዲኖረው፣ የኮሚቴው አባላት ራሳቸው እኩል ደቂቃ ተሰጥቷቸው ተራ በተራ እንዲንጫጩ፣ አንዱ ሲንጫጫ ሌላው ዝም እንዲል፣ ባዶ ካሴት ስለሌለም የገበያው ካሴት ላይ እንዲቀዳ ሐሳብ ቀረበ።

ወ/ት አቻን ተቃወሙ። ዓሣ ሻጯ ባለፈው ክረምት ያረፉት እናታቸው ናቸው። "ፎቶ የላትም። ድምጿም ያለው እዚህ ካሴት ላይ ብቻ ነው" አሉ። ሰብሳቢው ሐዘናቸውን ገልጸው፣ ሟቿ በየትኛው አካል ተወክለው እንደጮኹ የሚያስረዳ ነገር አለመቅረቡን አስታወሱ። ለሟቿ የኅሊና ጸሎት ከተደረገ በኋላ ድምፃቸው እንዲጠፋ በአብላጫ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እጅ ማውጣት ስለማይፈቀድላት እስክሪብቶዋን ጨብጣ ተቀምጣለች።

አጀንዳ 2፦ ቀረጻ

ሰብሳቢው አቶ ኦጁሉን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካሴት ቴፑ ውስጥ አስገብተው እንዲቀዱ አዘዙ። ማን ይቅደም በሚለው ላይ ስምምነት ስላልተደረሰ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። አቶ ሙሐመድአሚን የበቆሎ ዋጋ ሲጠሩ፣ ወ/ሮ ልድያ ስለ ተራቸው ሲከራከሩ፣ ሰብሳቢው ጸጥታ እንዲከበር ከሁሉ አብልጠው ሲጮኹ ተቀዳ። የተቀዳው ዝቅ ተደርጎ ሲሰማ ቁርጥ የገበያ ጫጫታ ሆነ። በመንገድ የሚያልፉ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ማንጎው ጠጋ ብለው ሽንኩርት በየት በኩል እንደሚሸጥ ጠይቀውናል።

ሰብሳቢው ተዋጽኦው መሳካቱን ካበሰሩ በኋላ፣ ለክልሉ በዓል መክፈቻ ንግግራቸውን የቀዱበት ካሴት የት እንደገባ ጠየቁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው እሱ ነው። የገበያው ካሴት ከአቶ ኦጁሉ የሸሚዝ ኪስ ወጣ። አቶ ኦጁሉ ስህተት መሆኑን ደጋግመው ቢገልጹም ፊታቸው የተሳሳተ ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

የገበያው ካሴት አለመጥፋቱ እንዲረጋገጥ ተከፈተ። በጫጫታው መሃል ዓሣ ሻጯ በቋንቋቸው ደንበኛ ሲጠሩ ቆዩና፣ "አቻን!" ብለው ተጣሩ። ወ/ት አቻን ከተቀመጡበት ብድግ ብለው "አቤት" አሉ። ከዚህ በኋላ ስለ ወረዳ ያነሳ የለም።

ውሳኔ፦ በአቶ ሙሐመድአሚን አሳሳቢነት ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። የገበያው ካሴት ለወ/ት አቻን ይሰጥ፤ በቲያትሩ ላይም የኮሚቴው ጭቅጭቅ ዝቅ ብሎ ይሰማ ተብሏል። ሰብሳቢው ንግግራቸው እንደገና ይቀዳ ብለው ጠይቀው ነበር፤ ባዶ ካሴት የለም ተብለዋል።

ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። አባላቱ ግን የገበያው ካሴት እስኪያልቅ ድረስ አልተነሱም።