ሮም ላይ በካልሲ የሮጥኩ ዕለት

በመጀመሪያ የነበርነውን ልቁጠር። እኔ። ዘንድሮ ሃይስኩል የጨረሰችው ልጄ ቤቴል። ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ የመጣችው እህቴ ጽጌ። ቢጫ ጃንጥላ ይዛ የምትመራን አስጎብኚ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሃያ የሚሆኑ ቱሪስቶች። በመጨረሻም መሣሪያ የያዙ አራት ወታደሮች።

ወታደሮቹ የመጡት በእኔ ምክንያት ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ ነው የምጽፈው፤ ካደረ ድፍረቱ አይኖረኝም።

ቤቴል ለምርቃቷ ሮምን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ወዲያው እሺ አልኩ። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረባት! እዚሁ ቅርባችን ዊተን ብቻዋን በሜትሮ ባቡር እንድትሄድ ለመፍቀድ እንኳ ሳምንት የሚፈጅብኝ ሴት ነኝ።

ትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ነዋ፣ ምን ላድርግ? እዚህ በእኛ ደብር በበዓል ቀን ጫማ ስለሚቀያየር ከቦርሳዬ ፌስታል አይጠፋም። ጫማዬን ከተትኩ። ጽጌ ስኳር ስላለባት የያዝኩላትን ቆሎ በጨርቅ እንደቋጠርኩት ከላይ ጨመርኩ። የፌስታሉን አፍ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ከዓምዱ ጀርባ ደበቅሁት።

አዎ። ጥቁር ፌስታል፣ ታስሮ፣ ሰው በሚጎርፍበት በር ላይ፣ ተደብቆ።

ውስጥ አስጎብኚዋ ጃንጥላዋን ወደ ላይ ስትቀስር ሁሉም ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ሥዕሉ ልዩ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሰው ነበር የማየው።

ኑዛዜዬ ይኸው። የመጀመሪያ ልጄ ሄኖክ ሮም ነው። ወይም ነበር።

በስድስት ዓመቱ ለእናቴ ትቼው አሜሪካ መጣሁ። የእኔም ወረቀት ስለዘገየ ሄጄ ላየው አልቻልኩም። ሃያ አንድ ሲሞላው የኢሚግሬሽን ሎየሩ፣ ካሁን በኋላ እንደ ልጅ ስለማይቆጠር ኬዙ ወደ ሌላ ሰልፍ ዞሯል፣ ይቆያል አለኝ። ሄኖክን «ጠብቅ» አልኩት። ሁልጊዜ የምለው እሱኑ ነበር።

አልጠበቀም። በሱዳን፣ በሊቢያ አድርጎ ባሕሩን ተሻገረና ከሮም ኮል አደረገልኝ።

«ደርሻለሁ እማ» አለኝ።

እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ማን ሂድ አለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

ስልኩ ተቋረጠ። እሱ ይዝጋው፣ ኔትወርኩ ይቁረጠው፣ አላውቅም። ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

እንግዲህ ሁሉም ጣሪያ ሲያይ በጎን በር አንድ ሐበሻ ወጣት ሲወጣ አየሁ። ጀርባውን ብቻ። የግራ ትከሻው ዘንበል ያለ ነው፤ ልክ እንደ አባቴ።

ሮጥኩ። በካልሲ። ያ ያገጠጠ ድንጋይ ላይ፣ «ሄኖክ! ሄኖኬ!» እያልኩ።

ዞረ። እሱ አይደለም።

«ተሳስተዋል እናቴ» አለኝ። ግን ጥሎኝ አልሄደም። «እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን እንተዋወቃለን። ምን ያህል ይረዝማል?»

አፌን ከፈትኩ። የልጄን ቁመት አላውቅም።

አስቡት። ካደገ በኋላ የማውቀው በቪዲዮ ነው፤ ከደረቱ በላይ። ሲራመድ አይቼው አላውቅም። ከኋላው አይቼው አላውቅም። ታዲያ ጀርባ አይቼ ምን ብዬ ነው የሮጥኩት?

«ጫማው አርባ ሦስት ነው» አልኩት። በየዓመቱ እልክለት ስለነበር እሱን አውቃለሁ።

ወጣቱ የእኔን እግር አየ። ስልኬን ወስዶ ቁጥሩን መዘገበልኝና፣ የሄኖክን ፎቶ ብልክለት ልጆቹን እንደሚጠይቅልኝ ነገረኝ።

ስመለስ በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ቱሪስቱ ሁሉ ርቆ ቆሟል። ወታደሮቹ ፌስታሌን ከበውታል።

ቤቴል ፊቷ ነጭ ሆኗል። «ማም፣ ፕሊስ፣ ያ ፌስታል ያንቺ አይደለም በይኝ።»

ጽጌ ደግሞ በጆሮዬ፦ «ከጠየቁኝ እህቴ አይደለሽም። ሜትሮ ላይ ነው የተዋወቅነው።»

እጄን አውጥቼ የእኔ ነው አልኩ። አስከፈቱኝ። ጫማ። ቀጥሎ ቋጠሮው። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

ገብስ።

አንደኛው ወታደር አንዲት ፍሬ አንስቶ ፀሐይ ላይ አገላበጣት። ከዚያ ረዘም ያለ ቁጣ ተቆጣኝ። አስጎብኚዋ ስትተረጉም እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር ቤቴል መጣች። «ቆይ፣ ወዴት ነበር የሮጥሽው?»

ነገርኳት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ በዝቶበት ነው ስትዪኝ…» ብላ አቆመች። «ሶ፣ ይሄ ትሪፕ የኔ አልነበረም» አለች።

የሁለታችሁም ነበር ብላት ውሸት አይሆንም። ግን ያሰርኩትን ጫማ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

በቀሩት ቀናት ቤተ መንግሥቱንም ፏፏቴውንም እያየን እንደ እንግዳ ሰው ነበር የምንነጋገረው። ውሃ ትፈልጊያለሽ? አመሰግናለሁ። ስንመለስ አውሮፕላን ላይ ቤቴል ከጆሮዋ ማዳመጫውን አወጣች።

«ለምን ፌስቡክ ግሩፑ ላይ አትጠይቂም? ሁሉም ሐበሻ እዚያ ነው።»

«አፍሬ ነው» አልኳት። «ልጇን ትታ መጥታ ይሉኛል። ጠፋባት ይሉኛል።»

«ማም» አለች፣ «ሮምን በካልሲ ሮጠሻል እኮ።»

ጽጌ ከወዲያኛው ወንበር ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ለማቆም ስሞክር ሌላ ነገር ሆነብኝ። ቤቴል እጄን ያዘች።

ከዚህ ፖስት ታች ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የጻፈችው እሷ ናት። «ወንድሜን እየፈለግሁ ነው» ብላ ነው የጀመረችው።

ሄኖክ ይባላል። ዕድሜው ሃያ አራት ነው። የግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው። ሮም ዘመድ ያላችሁ፣ ከዚያም ወደ ጀርመን ወይም ወደ እንግሊዝ የተሻገረ ሰው የምታውቁ፣ እባካችሁ ጠይቁልኝ። ያየው ሰው ካለ በኢንቦክስ ይጻፍልኝ። እኔን ማነጋገር ባይፈልግም ይሁን። ደህና መሆኑን ብቻ ንገሩኝ።