መኪና የሰፋው ሰው

በየሰፈሩ አንድ «ምን አላት!» ባይ አይጠፋም። ቧንቧ ሲያፈስ «ምን አላት!» ብሎ ብረት ቁልፍ ያነሣል፤ ቤተሰቡም ሁለት ቀን ሙሉ ከጎረቤት ውኃ ይቀዳል። ባለሙያ ጥራ ከምትሉት ጥርስህን ንቀል ብትሉት ይቀለዋል፤ እሱንም ራሴ ልንቀል እንዳይል ያሰጋል እንጂ። «የሠራው ሰው ነው፤ እኔም ሰው ነኝ» የሚል የማይረታ ክርክር አለው። እንዲህ ያለውን ሰው የማያውቅ የለም። ያገባችው ግን አንዲት ነርስ ናት።

ነርሷ በሥራ ባልደረቦቿ ፊት ባሏን «ክቡር ዋና መሐንዲሳችን» እያለች ትጠራዋለች። ሙያው ልብስ ሰፊነት ነው፤ በዚህ እንኳ ማንም አያማውም። እሱ የሰፋው ኮት ትከሻ ላልፈጠረለት ሰው ትከሻ ያወጣለታል። ችግሩ እጁ በጨርቅ አለመወሰኑ ነው። የበሩን ደወል ጠግኖ፣ ደወሉ በተጫነ ቁጥር የሳሎኑ መብራት ድርግም እንዲል አድርጓል። የግድግዳውን ሰዓት ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ብሎኖች ተረፉት። «ፋብሪካው ነው ያለ ነገር ያበዛው» ብሎ ብሎኖቹን ኪሱ ከተተ።

ከቤታቸው ጀርባ የነርሷ አባት መኪና ቆማ ነበር። አባቷ ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ ሁለት ልጆቻቸውን ያበሉትም ያስተማሩትም በእሷው ነው። እሳቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ሞተሯ ቢለመን ይነሣል፤ አካሏ ግን አልቋል። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ በዝገት ተበሳስቷል፣ የቀኙ በር ተጨራምቷል፣ ሰማያዊ ቀለሟም ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ ይረግፋል።

አንድ ቀን የነርሷ ታናሽ ወንድም መጣና መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት።

«እትዬ፣ የአይጥ መኖሪያ ከምትሆን ለቁራጭ ብረት ገዢ እንስጣት። ሰውዬውን አነጋግሬዋለሁ። የዛሬ ወር እሑድ በጭነት መኪና መጥቶ ይወስዳታል» አላት።

ነርሷ ወደ መኪናዋ ጠጋ አለች። ነገሩ ልክ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን በነጠላዋ ጫፍ የመስተዋቱን አቧራ ትጠርግ ጀመር። ባሏ መጀመሪያ እሷን አያት፤ ቀጥሎ መኪናዋን አየ።

«ወር ካለን ምን ችግር አለ?» አለ። «ቆርቆሮ ማቃናትና ቀለም መቀባት አይደል? ምን አላት!»

ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች።

በማግስቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መኪናዋን እንደ ደንበኛ ለካት። የተጎዳውን ቦታ ሁሉ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ከበበው። የተጨራመተውን በር ነቅሎ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፤ በአንድ በኩል የኮት ትከሻ የሚተኩስበትን ደረቅ ትራስ ደገፈለት፣ በሌላው በኩል ጨርቅ በጠቀለለበት መዶሻ ቀስ እያለ ይመታው ጀመር።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ባቲላሜራ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ የተጋጩ መኪኖችን ቆርቆሮ ሲያቃና የኖረ ሽማግሌ ነው። ድምፁን ሰምቶ መንገዱን ተሻገረና በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ወዳጄ፣ በሩን እያቃናኸው ነው ወይስ እሹሩሩ እያልከው?»

«ጨርቅም ቆርቆሮም ሲቆጡት ይብስበታል» አለ ልብስ ሰፊው ቀና ሳይል።

ባቲላሜራው እየሳቀ ሄደ። በሩ ግን በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለ።

ዝገት የበላውን ደግሞ ቆርጦ አወጣና፣ እንደ ሱሪ ኪስ መጀመሪያ በወረቀት ልኩን ወስዶ፣ ከዘይት ጣሳ በቆረጠው ቆርቆሮ ጣፈው። ዙሪያውን በትንንሽ የሪቬት ምስማር ሲመታው ርቀታቸው እኩል ስለነበር ስፌት ይመስል ነበር። በላዩ የሚለጠፈው ስቱኮ ግን አስቸገረው። ማጠንከሪያውን ስላበዛበት ሊጡ እዚያው ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ሆነ፤ የነርሷም የሾርባ ጭልፋ አብሮ ተቀበረ። በሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውን ሊበጠብጥ ሲል ነርሷ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ወዲህ በል! እኔ ለስብራት ጄሶ ስበጠብጥ ስንት ዓመቴ ነው? ትንሽ ትንሽ ነው የሚቦካው፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚለጠፈው» አለችና ጓንቷን አጠለቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሳይታወቃት፣ ሥራው ውስጥ ገባች። እሱ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ እሷ ውኃ ታፈስሳለች። መለስለሱን የሚፈትነው በሐር ጨርቅ ነበር፤ ሐሩን በላዩ ይጎትተዋል፣ አንዲት ክር ከያዘበት እንደገና ይፍቃል።

የቀለም ነገር ሲመጣ ባቲላሜራው ዳግመኛ በአጥሩ ብቅ አለ። «ይሄ ሰማያዊ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ነጭ ቀባትና ተገላገል» ሲል መከረ።

ልብስ ሰፊው መልስ ሳይሰጥ የበሩን ላስቲክ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ፀሐይ ያልነካው፣ እንደ ትናንትናው የሆነ ሰማያዊ መስመር ነበር። የክር ሣጥኑን አመጣና ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ እያስጠጋ ያመሳክር ጀመር። ሃምሳ ምናምነኛው ላይ ቆመ። ክሩ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ጠፋ፤ ክሩ የት እንዳለቀ፣ ቀለሙ የት እንደጀመረ አይለይም። ቀለም ቀማሚው ዘንድ ያንን ጥቅልል ይዞ ሄደ፤ ሰውየው አራት ጊዜ ቀይጦ በአራተኛው እጁን ዘረጋለትና ተጨባበጡ።

በወሩ ማለቂያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከኮት ገበር ቁርጥራጭ ድንኳን ሰፍቶ መኪናዋን አስገባትና ቀለም መርጫውን አነሣ። ነፋሱም አብሮ ተነሣ። ድንኳኑ ተገለበጠ። ቀለሙ እየተንጠባጠበ የመኪናዋ ጎን ያለቀሰ ፊት መሰለ፤ የተረፈው በአጥሩ ተሻግሮ የጎረቤታቸውን የጡረተኛውን ዳኛ ሁለት ነጫጭ ሸሚዞች በሰማያዊ ነጠብጣብ አስዋበ። ዳኛው ሸሚዞቹን በእንጨት አንጠልጥለው መጡና፣ «ማስረጃው ግልጽ ነው፤ ተከሳሹ ሁለት አዲስ ሸሚዝ እንዲሰፋ ተፈርዶበታል» ብለው ሄዱ።

ልብስ ሰፊው ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። አልተቆጣም፣ አልተከራከረም፣ «ምን አላት!»ም አላለም። ነርሷ አጠገቡ ሌላ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። እሑድ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ያን ጊዜ ባቲላሜራው አጥሩን ትቶ በበሩ ገባ። የሚንጠባጠበውን ቀለም አየና አልሳቀም።

«መርጫውን በጣም አስጠግተኸዋል» አለ። «ደግሞ መሃል ላይ እጅህን ታቆማለህ። ለመሆኑ ስፌት ስትሰፋ፣ ጨርቁን ስትገፋ፣ መሃል ላይ ትቆማለህ?»

«ከቆምኩማ ስፌቱ ይጠማዘዛል።»

«ታዲያስ!»

ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ከባልዲው ተነሣ። የዚያኑ ዕለትና ዓርብን ሲፍቁ ዋሉ። ቅዳሜ ማለዳ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ነርሷ ከሆስፒታል ያመጣችውን የአፍ መሸፈኛ ለባሏም ለራሷም አሰረች፤ ቱቦውን ከኋላ እየያዘች ተከተለችው። እሱም ከፊት መብራቱ ጀምሮ እስከ ኋላው ድረስ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ አንድ ረጅም ስፌት እንደሚሰፋ ሰው ሄደ። ተመልሶም መጣ። ሰማያዊው ከፊቱ እየተዘረጋ ሲሄድ ነርሷ መተንፈስ ረስታ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወንድሟ ከቁራጭ ብረት ገዢው ጋር ደረሰ። ገዢው ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጓሮ ገባ፤ መኪናዋን አልፏት ሄደና እስከ አጥሩ ጥግ ፈልጎ ተመለሰ።

«ቁራጩ የታለ?» አለ።

ነርሷ በአገጯ ወደ ሰማያዊዋ መኪና ጠቆመችው። ወንድሟ ኮፈኑ ላይ ፊቱን እያየ ደርቆ ቀረ። እጁን ሊያሳርፍ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ።

«አባባ ከትምህርት ቤት ሲያመጣኝ እዚህ ጋ ነበር የምቀመጠው» አለ፤ ድምፁ ሌላ ሆኖ። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። በል ንዳት።»

ሰንሰለቱ ባዶውን ተመለሰ። ሞተሯ በሦስተኛው ልመና ተነሣና ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ዳኛው በራፋቸው ላይ ቆመው «ይግባኝ የለውም!» እያሉ አጨበጨቡ። ባቲላሜራው ከጋራዡ ወጥቶ ኮፍያውን አነሣ፤ አጠገቡ ላለው ደንበኛም «እኔ ነኝ ያሳየሁት» ሲል ተሰማ። ልብስ ሰፊው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በእግረኛ ፍጥነት ይነዳ ነበር፤ ያላየ ሰው እንዳይቀር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። የሚፈታ፣ የሚቀጠቀጥ፣ የሚፋቅ ነገር ጠፋ። ነርሷ ስንት ዓመት የተመኘችው ሰላም ይኸው መጣላት። ባሏ ግን ከምሳ በኋላ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ ከክፍል ክፍል ይመላለሳል። አንድ ሳምንት ታገሠች። በስምንተኛው ቀን አላስቻላትም።

«ስማ እንጂ፣ ይሄ ፍሪጅ ድምፅ ማሰማት ጀምሯል» አለችው።

ቀና አለ። ዓይኑ በራ። «ምን ዓይነት ድምፅ?»

ፍሪጁ ከተገዛ ጀምሮ ኮሽ ብሎ አያውቅም። ነርሷ ትንሽ አሰበችና ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ከዚያ በሽተኞቿ የሚያቃስቱትን ማቃሰት አቃሰተችለት። እሱ መፍቻ ሊያመጣ ሲሮጥ፣ እሷ ወተቱንና አትክልቱን አውጥታ ለጎረቤት ለማደል ዘንቢል ትፈልግ ጀመር።