ከመስታወቱ ወዲያ የነበሩት ጋሽ ደምሴ

«መስታወት ፊት ቆሜ ብቻዬን አውርቼ አላውቅም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ለምንም ነገር ምስክር እንዳታደርጉት። ውሸታም ነው! ሁላችንም እናወራለን። ልዩነቱ እናንተ በራችሁን ዘግታችሁ ስታወሩ፣ እኔ ግን... ሸዋ ሮቢት መሐል ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዲሱ የከተማ አስተዳደር ሕንፃ ፊት ለፊት ማውራቴ ነው።

ሕንፃውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ ሰው ሲያየው «ፎቅ» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ሰማይ ጠቀስ ነው የምንለው። ሰማዩ እኛ ጋ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ካልሆነማ ፀሐይዋ እንዲህ አትቀርበንም ነበር! ከታች እስከ ላይ ሰማያዊ መስታወት ለብሷል፤ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ንድፉን ያወጡት ሰዎች «የማንጎ ቅጠል ነው» ብለው አስረድተውናል። የባጃጅ ሾፌሮች ግን «ባርኔጣው» ነው የሚሉት። እነሱ ፀጉራቸውን ያበጥሩበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል፣ ከጎረቤታችን ከጀውሃ ከተማ ለገበያ የመጣው ሁሉ ሽርጡን አስተካክሎበት ያልፋል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የሚስቴ ወንድም ጌቱ የጋሽ ደምሴን ልጅ ወደደ። ጋሽ ደምሴ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ፣ ሲቆጡ የግንባራቸው ደም ሥር እንደ ገመድ የሚወጠር ሰው ናቸው። ሽማግሌ እንድንሆን ሼህ ኑሩና እኔ ተመረጥን። ሼህ ኑሩ በይፋት ቆላ ያላስታረቁት ሰው የለም፤ ግን ጉሮሯቸውን ስላመማቸው «ተናጋሪው አንተ ነህ» አሉኝ። ሚስቴ ደግሞ፣ «ወንድሜን አሳፍረህ ከምትመጣ እዚያው ጋሽ ደምሴ ቤት እደር!» አለችኝ።

ሽምግልናው እሁድ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ በሕንፃው ጎን ሳልፍ ራሴን መስታወቱ ውስጥ አየሁት። ግራ ቀኙን ቃኘሁ... ማንም የለም። እስቲ ልሞክረው አልኩ።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። «ጋሼ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ከደጅዎ ቆመናል።» ግን መልስ የሌለው ሽምግልና ምኑን ልምምድ ሆነ? ስለዚህ ጋሽ ደምሴንም ራሴው ሆንኩ። ሆዴን ነፋሁ፣ አገጬን ሰቀልኩ፣ «እህምምም!» ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ማን ነው የላከህ? ጌቱ? ያ ቀጫጫ?» ከዚያ አካሄዳቸውን ሄድኩት፤ እንደ ዳክዬ፣ ወዲህ ወዲያ... ተዋጣልኝ! ደስ ቢለኝ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ሌላም ጭብጨባ ሰማሁ።

ለካ መስታወት የሆነው ለእኛ ለውጪዎቹ ነው፤ ለውስጦቹ መስኮት ነው! ከጀርባው የስብሰባ አዳራሽ አለ፤ ለሙቀቱ ብለው ደግሞ ገርበብ አድርገው ከፍተውታል። አንዲት ሠራተኛ እንባዋን እየጠረገች አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ እህምታው ላይ ብቻ ድምፅዎን ወፈር ያድርጉት» አለችኝ።

ከኋላዋ ጋሽ ደምሴ ቆመዋል። ደም ሥሩ ተወጥሯል።

እንዴት ሮጬ ሼህ ኑሩ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። «እኔ ይቅርብኝ» ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። የታመመ ጉሮሯቸውን ይዘው ሳቁ፣ ሳቁና፣ «ያ አላህ! በል አብረን እንዋረዳለን» አሉኝ።

እሁድ ደረሰ። በጋሽ ደምሴ ሳሎን ውስጥ ቆምን። «ተቀመጡ» ቢሉንም እንደ ወጉ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አልን። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጥያቄውን አቀረብኩ። ጋሽ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«መልሱንስ?» አሉ።

«ምን... ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ዓርብ ዕለት የእኔን ድርሻም የተናገርከው አንተ አይደለህም? ቀጥል እንጂ!»

ወደ ሼህ ኑሩ ዞርኩ። በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ምን ምርጫ አለኝ? ሆዴን ነፋሁ። አገጬን ሰቀልኩ። «እህምምም!»

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ መጣ። ወገኖቼ፣ እኔ ደግሞ ሳቅ ከሰማሁ ቅጥ የለኝም! ጎንበስ ብዬ ለመንኩ፣ ቀና ብዬ ተቆጣሁ፣ ሳሎኑን እየተንጎራደድኩ የጌቱን ዘር ማንዘር ጠየቅሁ፣ መለስኩ፣ መልሱ አልበቃኝም አልኩ። በመጨረሻ በገዛ ቁጣዬ ተወስጄ እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁና፣

«አልሰጥም! ውጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሼህ ኑሩ «አስተግፊሩላህ...» እያሉ ግንባራቸውን ያዙ። የሚስቴ ፊት ድቅን አለብኝ።

ያኔ የልጅቷ እናት እትዬ አስካለ ማማሰያ እንደያዙ ከጓዳ ወጡ። ወደ ባላቸው አልሄዱም፤ በቀጥታ ወደ እኔ!

«አንተ ማን ሆነህ ነው በልጄ የምታዝዝብኝ? ሰጥተናል! ሰምተሃል? ሰ-ጥ-ተ-ና-ል!»

ሼህ ኑሩ ጊዜ አላጠፉም፤ ምርቃቱን ጀመሩት። ከጓዳ እልልታው ቀለጠ።

ጋሽ ደምሴ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «እኔ እኮ ገና ምንም አልተናገርኩም» አሉ። የሰማቸው ግን አልነበረም።