የትልም ዳኛው ጋሼ ኔስተር

ስንዴ በሚበቅልበት አገር ሁሉ የሰው እርሻ ለማየት የተፈጠረ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። እኛ ሳስካችዋን በሚባለው ሰፊ የስንዴ ሜዳ ላይ፣ ከቤት እስከ ቤት አምስት ኪሎ ሜትር በሆነበት፣ እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር መንግሥት በደመወዝ አንድ መቅጠሩ አይቀርም ነበር።

የቬስተርዳል መንደራችን ክቡር የትልም ዳኛ ጋሼ ኔስተር ሃውሪሉክ ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ምሳ በልተው ያችን ቀይ ፒክአፕ ያስነሱና ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው በጠጠሩ መንገድ ይንፏቀቃሉ። ከኋላቸው የገባ ሰው ጉዳዩን ይርሳው። ዓይናቸው መንገዱን አይቶ አያውቅም፤ ግራና ቀኝ የሰው ቡቃያ ላይ ነው። አረም ካዩ ይቆማሉ። ጠማማ ትልም ካዩማ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኛ ዘንድ ትልም ቀልድ አይደለም። ግንቦት ላይ ያጣመሙትን እስከ መስከረም አገር ሲያየው ይከርማል። ፍርዱ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነዳጅ ማደያው ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ በሚሰየሙበት ጠረጴዛ ላይ ይሰማል።

«የክላውስን ማሳ አያችሁት? ይሄን የዘራው ሰው ነው ወይስ ንፋስ?» ይላሉ ጋሼ ኔስተር።

ባለማሳው ክላውስ ራሱ እዚያው ፊት ለፊታቸው ዶናት እየበላ ነው።

ዛሬ ዛሬ ትራክተሩ በሳተላይት እየተመራ ራሱን ስለሚነዳ የጋሼ ኔስተር ችሎት ቀዝቅዟል። «ትራክተሩ ገበሬ፣ ገበሬው ተሳፋሪ ሆነ!» ይላሉ በምሬት።

አንዴ መኪናዬ ተበላሽታ አብሬያቸው ሄድኩ። ወይ ጉድ! ማሳውን ሁሉ የሚጠሩት በሌሉ ሰዎች ስም ነው። «ይሄ የሊንድግሬኖች ነው፤ ድርቁ አፈሩን አቧራ አድርጎ ባበነነበት ዘመን በሩን እንኳ ሳይዘጉ ሄዱ። እዚያ ጉብታው ላይ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ዱላ የቀመስኩት እዚያ ነው። እዚህ ጋ ሐዲዱን ነቀሉት፣ እዚያ ጎተራውን አፈረሱት።» ከዚያ መኪናዋን አቆሙና፣ «በልጅነቴ እዚህ ቆሜ አርባ ሁለት የቤት ጭስ እቆጥር ነበር። አሁን ሰባት ነው፤ አንቺን ጨምሮ» አሉኝ። የዚያን ቀን ሲቀልዱ አልሰማሁም።

ባለፈው የካቲት ባሌ ሌፍ በልብ ሕመም ሞተብኝ። ቀብሩ ካለፈ በሳምንቱ ምግብ ይዘው የመጡ ጎረቤቶች፣ ሳህናቸውን ሊወስዱ ሲመለሱ «መሬቱን ታከራዪው ይሆን?» ማለት ጀመሩ። ሃያ ስድስት ዓመት እህል በመኪና ጭኜ ነድቻለሁ። በትራክተር የሚጎተተውን መዝሪያ ማሽን ግን አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም፤ የሌፍ ነበር። ሌፍ ደግሞ ሳተላይት የማያምን ሰው ስለነበር ትራክተራችን በእጅ ብቻ የሚሄድ ነው።

ግንቦት ተጋመሰ። አገሩ ሁሉ ዘርቶ ሊጨርስ ነው፤ የእኔ መዝሪያ ከመጋዘን አልወጣም። ቀይዋ ፒክአፕ በደጄ ሦስት ቀን ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን ገባች።

«የኦስካር ልጅ!» አሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኝም ለእሳቸው ያው የአባቴ ልጅ ነኝ። «መዝሪያሽ እንቁላል ታቅፎ ነው ወይስ ምን ሆኖ ነው?»

«ልተወው ነው ጋሼ ኔስተር። መሬቱን አከራይቼ ከተማ እህቴ ጋ ልሄድ ነው።»

«ጥሩ፣ ሂጂ። መጀመሪያ ግን ዝሪ።»

«አልችልማ!»

«ማን ይችላል አለሽ? ክላውስ ችሎ ነው?»

ትራክተሩን አስነሳሁ፤ እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ዋሉ። የሌፍ ጓንት መሪው ሥር እንደተወሸቀ ነበር። እሱን ሳይ ሆዴ ባባ፤ እያለቀስኩ ነዳሁ። እኚያ የትልም ዳኛ ቀኑን ሙሉ አንዴ እንኳ ዞረው ትልሙን አላዩም።

በሁለተኛው ሳምንት ቡቃያው ብቅ ሲል ጉዴም አብሮ ወጣ። ትልሙ ይጠማዘዛል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠማዘዛል። ያውም ዋናው መንገድ ዳር! ይሄን ያየ ሁሉ «አልቻለችም» ብሎ መሬቱን ሊጠይቅ ይሰለፋል። እኔም ለአንዱ እንደማከራየው ተነጋግሬ፣ ሊፈራረም የሚመጣበትን ቀን ቀጠርኩለት። ከዚያ አፍሬ ከቤት አልወጣ አልኩ፤ ናፍጣ ሲያልቅብኝ ግን የግዴን ወደ ማደያው ሄድኩ።

የማደያው ባለቤት ማርሊስ ገና ስታየኝ በሳቅ ፈረሰች።

«ጋሼ ኔስተር ጉድ አደረጉሽ አይደል?»

«ምን አደረጉኝ?»

«‹ያን ጠማማውን እኔ ነኝ የዘራሁት› አሉ እኮ! ‹ዓይኔ ደክሟል፣ አይንኩ ብትለኝ አልሰማ ብዬ እርሻዋን አበላሸሁባት› ብለው ጠረጴዛው ሁሉ ፊት ተናዘዙ። ክላውስማ የሃምሳ ዓመት ቂሙን ነው የተወጣባቸው። ‹ሰው ነው ወይስ ንፋስ?› እያለ እዚህ በሳቅ ሊሞት!»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? አንገታቸውን ደፍተው ዶናታቸውን በሉ።»

እንባዬ መጣ። ይሄ ሰው በዚች ምድር ላይ ከቀጥ ያለ ትልም ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም። ናፍጣውን ትቼ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ድንች ይኮተኩታሉ።

«ለምን ዋሹ ጋሼ ኔስተር?»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «እኔ ስንት ግንቦት ቀርቶኝ ነው ስሜን የምቆጥበው? የዘንድሮውን ወስጄልሻለሁ። የከርሞውን ግን ብታጣሚ የራስሽ ነው፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የማዋርድሽ!»

ከርሞ እዘራለሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ቤቴ ስገባ መሬቱን ሊከራይ ለነበረው ሰውዬ ደወልኩና እንዳይመጣ ነገርኩት።