ክቡር አንቀጽ እና ያልተገዛው ሽጉጥ

ሕግ የሚጠቅስ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ገና አልተቆረቆረም። ውሃ ሳይገባ፣ መብራት ሳይዘረጋ፣ እሱ ቀድሞ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ለአንድ ፀጉር አስተካካይ የደረሱት ደግሞ ከሁሉም የባሱት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር፣ ሰፈርተኛው «ክቡር አንቀጽ» ብሎ የሾማቸው።

ሌላው አዋቂ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል። ክቡርነታቸው ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚገዛ፣ ያውም በየቦታው። በየኬላው ሲፈተሹ ኖረው ያጠራቀሙት እውቀት ነው። ጺማቸው ሳሙና ተቀብቶ እንኳ አፋቸው አያርፍም። «ከወንዙ ማዶ ዕድሜና መታወቂያ ይበቃል። ወደብ ከተማው ላይ ግን ተኩስ ተፈትነህ ማለፍ አለብህ። ተራራው ላይ ደግሞ ለምን እንደፈለግከው ካላስረዳህ አይሸጡልህም።» አንዴ ለቅሶ ቤት ገብተው፣ ሟች ሽጉጥ ቢኖራቸው ኖሮ ወራሽ የት ሄዶ እንደሚያስመዘግብ ለሚስትየው አስረድተዋል። ሟች አትክልት ሻጭ ነበሩ።

እሳቸው ራሳቸው የውሃ ሽጉጥ እንኳ ገዝተው አያውቁም። ተሳስተዋል ብሎ የሞገታቸው ሰው ግን ምሳው ያልፈዋል፤ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅማ።

አንድ ማለዳ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ተሰብሮ አገኘው። የፀጉር ማሽኖቹ የሉም፤ መስተዋቱ ደቋል። ማን እንዳደረገው ለመጠየቅ አልደከመም። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከአባታቸው በወረሱት በዚሁ ሱቅ የተነሳ ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ የጓሮው በር መቀርቀሪያ ልል መሆኑን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

ክቡር አንቀጽ ሊላጩ ሲመጡ ምላጩን እየሳለ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ ሽጉጥ መግዛት እፈልጋለሁ። ዛሬውኑ።»

«ለሌባ ነው?»

«ለሌባ ነው። ሌባውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ አንድ ጡት ነው የጠባነው።»

ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ጥያቄ መጣ ማለት ነው። ክቡርነታቸው ምላጩን አዩት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬውኑ አይሆንም። እዚህ ወር ሙሉ የማሰቢያ ጊዜ አለ። ከዚያ የዓይን ምርመራ። ከዚያ የጎረቤት ምስክር። ወሩ ሳይሞላ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደጃፍ ብቅ ካልክ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።»

«ማዶ ተሻግሬ ብገዛስ?»

«የማዶ ሕግ ለማዶ ነዋሪ ነው። ይዘኸው ስትመለስ ኬላው ላይ ትያዛለህ።»

ፀጉር አስተካካዩ በሆዱ ረገማቸው። ለዓይን ምርመራው ተሰልፎ ዋለ። ምስክር ፍለጋ ቢዞር ጎረቤቱ ሁሉ ድንገት ሥራ በዛበት። ክቡርነታቸውም በየማለዳው አዲስ ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ ሽጉጡ የሚቀመጥበት የብረት ሳጥን ያስፈልጋል፣ ሳጥኑ ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት፣ ግድግዳው የድንጋይ መሆን አለበት። የሱቁ ግድግዳ ጣውላ ነው።

ወሩ ሳይሞላ ማሽኖቹ ገበያ ላይ ሲሸጡ ተያዙ። ሌባው በሱቅ ሰበራ የታወቀ፣ ከሩቅ ሰፈር የመጣ ሰው ሆኖ ተገኘ። ታናሽ ወንድም ወሬውን ሲሰማ አዲስ መስተዋት ተሸክሞ መጣ። ብዙም ሳይነጋገሩ አብረው ሰቀሉት።

ፀጉር አስተካካዩ በሌላ ጉዳይ ወደ ቢሮው ጎራ ሲል፣ የማሰቢያ ጊዜው ነገር ከንክኖት ኖሮ ጠየቀ። ሠራተኛዋ ግራ ገባት።

«የምን ማሰቢያ ጊዜ? እዚህ ወንጀል ከሌለብህ በመታወቂያህ የዕለቱን ዕለት ይሰጥሃል።»

ክንፍ አውጥቶ ሱቁ ደረሰ። ክቡር አንቀጽ ወንበሩ ላይ ተሰይመዋል።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል። የዕለቱን ዕለት ይሰጣል አለችኝ።»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰፈሩ ስንት ዘመን የተመኘው ቀን ነው።

ክቡር አንቀጽ አልተቆጡም፤ አንድም ሕግ አልጠቀሱም። ጥግ ላይ ፎጣ የሚያጥፈውን ታናሽ ወንድም በመስተዋቱ ውስጥ አዩት።

«ይሆናል» አሉ። «ተሳስቼ ይሆናል።»

ፀጉር አስተካካዩ ሊስቅ የከፈተውን አፉን ዘጋ። «ዛሬውኑ» ያለበት ያ ማለዳ ትዝ አለው፤ እኚህን አድራቂ ሰው ምን ያህል እንደሚወዳቸውም ያኔ ገባው። ምላጩን አነሳ፤ አገጫቸውን በቀስታ ያዘ።

«ቀና ይበሉ፣ ጋሼ» አለ። «ወደብ ከተማው ላይ ፈተናው እንዴት ነበር ያሉኝ? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»